ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት መዝገቡን ሥሩ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የምርምር በጀት ለሚመድቡ ተቋማት፣ ለዕፅዋት ቤተ መዘክር ኃላፊዎች፣ የማርና የአየር ናሙና ለሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች

ጉዳዩ፦ የአበባ ብናኝን በዲኤንኤ ለመለየት የሚያስፈልገውን የማጣቀሻ መዝገብ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

የምጠይቃችሁን ከፊት ላስቀድም፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። የአበባ ብናኝ ከየትኛው ተክል እንደመጣ በዲኤንኤ ለማወቅ የሚመደበው ገንዘብ ባብዛኛው ወደ ማሽንና ወደ ኬሚካል ይሄዳል። ተክሉን ከሜዳ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ስሙን አጣርቶ፣ ዲኤንኤውን አስነብቦ ለሚመዘግበው ሰው የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ መዝገቡ ይሠራ፣ ማሽኑ ከዚያ ይምጣ።

ዘዴውን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ብናኝ ነው። በማይክሮስኮፕም በዲኤንኤም እሠራለሁ፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የምጽፈውም ይህ ዘዴ ገና በጠዋቱ እምነት እንዳያጣ ስለምሰጋ ነው።

ስለ ብናኙ ራሱ ትንሽ ልበል። እያንዳንዷ ቅንጣት የተክሉን ወንዴ ዘር የተሸከመች ናት። ዙሪያዋን ስፖሮፖለኒን ከሚባል ቁስ የተሠራ ግድግዳ ይሸፍናታል። ሕያው ነገር ከሚሠራቸው ቁሶች መካከል የዚህን ያህል ጠንካራ ጥቂት ነው። አሲድ በቀላሉ አይበግረውም። ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ይቆያል። መጠኑ እንደ ተክሉ ነው። ሚዮሶቲስ የምትባለው ትንሽ ሰማያዊ አበባ ብናኝ ከ10 ማይክሮሜትር በታች ነው። የዱባ ብናኝ 200 ማይክሮሜትር ሊደርስ ይችላል። በግድግዳው ላይ እሾህ፣ ቀዳዳ፣ ስንጥቅ ወይም መረብ የመሰለ ቅርጽ ይኖራል። ባለሙያው ተክሉን የሚለየው እነዚህን እያየ ነው።

በ1916 ስዊድናዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሌናርት ፎን ፖስት በኖርዌይ ዋና ከተማ አንድ ንግግር አደረገ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከረግረግ አፈር ውስጥ የወጣ ብናኝን በመቁጠር የጥንት ደኖችን ታሪክ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ብናኝ ቆጠራ እንደ ሳይንስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ይሠራል።

ግን ወሰን አለው። የሣርን ብናኝ ውሰዱ። ሣሮች ከ11,000 በላይ ዝርያ አላቸው። የሁሉም ብናኝ ድቡልቡል ነው፤ አንድ ቀዳዳም አለው። የተካነ ባለሙያ እንኳ በማይክሮስኮፕ አይቶ ብዙውን ጊዜ «ሣር ነው» ከማለት አያልፍም። የትኛው ሣር? አይታወቅም። ደግሞ ልፋቱ ቀላል አይደለም። ለአንድ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየቦታው ጡረታ እየወጡ ነው፤ ተተኪው ትንሽ ነው።

ዲኤንኤ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ የምጠይቀው ነገር ከዚሁ አሠራር ይወጣልና።

ብናኙ ከንብ እግር፣ ከማር፣ ከአየር ማጥመጃ ወይም ከነፍሳት ገላ ይሰበሰባል። ማር ከሆነ በሞቀ ውኃ ይበጠበጥና በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፤ ብናኙ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ ያ ጠንካራ ግድግዳ መሰበር አለበት። ናሙናው ከትንንሽ ጠንካራ ዶቃዎች ጋር በከፍተኛ ፍጥነት ይናጣል። ይህ ደረጃ በወጉ ካልተሠራ ግድግዳው ስስ የሆነው ተክል ቶሎ ይገኝና ወፍራሙ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ዲኤንኤው ይጣራል። ፒሲአር በሚባል የማባዣ ዘዴ አንድ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ተመርጦ ይባዛል። ማሽኑ የተባዛውን ፊደል በፊደል ያነባል። ከአንድ ናሙና ብዙ ሺህ ንባብ ይወጣል። በመጨረሻም ኮምፒውተር እያንዳንዱን ንባብ ከዚህ ቀደም ከተመዘገቡ የተክል ንባቦች ጋር ያመሳክራል። የሚቀርበውን ያገኝና የተክሉን ስም ይጽፋል።

ሁሉም ነገር የሚቋጨው በዚህች በመጨረሻዋ እርምጃ ነው። ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ጥርት ያለ የጣት አሻራ ተገኘ እንበል። የሚያመሳክሩበት መዝገብ ከሌለ አሻራው ምን ያደርጋል? ማሽኑ የሚሰጠን አሻራውን ነው። ስሙን የሚሰጠን መዝገቡ ነው።

የትኛው የዲኤንኤ ክፍል ይነበብ የሚለውም ቢሆን በአንድ ቀን የተፈታ ነገር አይደለም። በ2003 ካናዳ ውስጥ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ እንስሳትን በአንድ አጭር የዲኤንኤ ክፍል መለየት እንደሚቻል አሳዩ፤ ባርኮድ አሉት። ለእንስሳት የሠራው ክፍል ግን ለተክል አልሆነም። በተክሎች ውስጥ ያ ክፍል በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ ስለዚህ ዝርያን ከዝርያ አይለይም። በ2009 ብዙ አገሮችን ያሰባሰበ የዕፅዋት ባለሙያዎች ቡድን አርቢሲኤል እና ማትኬ የሚባሉ ሁለት የክሎሮፕላስት (በተክል ሕዋስ ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ክፍል) ጂኖች አንድ ላይ እንዲነበቡ መከረ። ሁለቱ ተደምረው በሙከራው ላይ መለየት የቻሉት 72 በመቶ የሚሆኑትን ዝርያዎች ነበር። ቀሪዎቹን ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ከማስገባት አልፈው ሊለዩ አልቻሉም። ኋላ ላይ ከሕዋሱ ኒውክለስ የሚወሰደው አይቲኤስ2 የተባለ ክፍል ተጨመረ። ዛሬ የብናኝ ጥናት ላይ አርቢሲኤልና አይቲኤስ2 ጎን ለጎን ሲነበቡ ማየት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ተክሎች ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው። ታዲያ የአባት ወገን በሆነው ብናኝ ውስጥ የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ከየት ይመጣል? ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። በተግባር ሲሞከር ግን ከብናኝ ይገኛል፤ በቂ ሆኖም ይነበባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ዘዴ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው የብሪታንያ ክፍል የሆነችውን ዌልስን ይመልከት። እዚያ የሆነው በሁለት ደረጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

መጀመሪያ መዝገቡ ተሠራ። በዌልስ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል የሚመራ ቡድን የአገሩን ነባር አበባ አውጪ ተክሎችና ኮኒፈሮች (እንደ ጥድ ያሉ ዛፎች) አንድ በአንድ ተከታትሎ ባርኮዳቸውን መዘገበ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። 1,143 ዝርያዎች ነበሩበት። አብዛኛው ናሙና የተወሰደው ቤተ መዘክር ውስጥ ከተቀመጡ ደረቅ ተክሎች ነው። እያንዳንዱ ንባብ ከኋላው ስሙ የተጣራ፣ ሄደው ሊያዩት የሚችሉት ተክል አለው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የጋዜጣ አርዕስት አይሆንም። ያለ እሱ ግን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ይህ ነው። በ1952 በብሪታንያ ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ማር በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ንቦቹ የትኞቹን ተክሎች እንደጎበኙ ተመዝግቦ ነበር። በ2017 እዚያው አገር እንደገና ማር ተሰበሰበ፤ አሁን ግን የተነበበው በዲኤንኤ ነው። ንጽጽሩ በ2021 ወጣ። በ1952 የንቦቹ ዋና ምግብ ነጭ ክሎቨር ነበር፤ የማጌጥ ዓይነት የግጦሽ መሬት አበባ ነው። በ2017 ክሎቨር ወደ ኋላ ቀርቶ የዱር እንጆሪ (ብላክቤሪ) ቀዳሚውን ቦታ ይዞ ተገኘ። የጎመን ዘር ድርሻም ጨምሯል። ሂማሊያን ባልሳም የሚሉት፣ ከውጭ መጥቶ የወንዝ ዳር የወረረው የእንሶስላ ዘመድም እንደዚሁ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከመሬት አጠቃቀም ጋር ያያይዙታል። አበባ የነበረበት የግጦሽ መሬት ቀነሰ፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ በዛ፣ እርሻው ተለወጠ።

ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለንብ ምን እንትከል ለሚል ሰው መልስ ነው። የትኛውን አጥር እንተው፣ የትኛውን ሜዳ ሳናጭድ እንቆይ ለሚል የመሬት ባለቤት መልስ ነው። ሰዎች ለንብ ይሆናል ብለው የሚዘሩት አበባና ንቧ በእርግጥ የምትሄድበት አበባ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ብናኙ ግን የሄደችበትን ይናገራል።

ሣሩንም አልተዉትም። ቅድም እንዳልኩት ማይክሮስኮፕ የሣርን ብናኝ ከሣር አይለይም። ብዙ ሰው ደግሞ በሣር ብናኝ ይታመማል። ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አስም ያለበት ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በብሪታንያ የተለያዩ ቦታዎች አየር ተጠምዶ ብናኙ በዲኤንኤ ተነበበ። በ2019 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው የሣር ወቅት አንድ ወጥ አይደለም። ዝርያዎቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ከቦታ ቦታም ይለያያሉ። በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የአንዳንድ የሣር ዝርያዎች ብናኝ ከሌሎቹ ይበልጥ ከመተንፈሻ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ጠቆመ። አስቡት። ዛሬ ለሕመምተኛው የሚነገረው «የሣር ብናኝ ከፍተኛ ነው» የሚል ትንበያ ነው። ነገ «አንተን የሚያምህ ሣር በዚህ ሳምንት ይጀምራል» ማለት ይቻል ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን የእያንዳንዱ ሣር ባርኮድ መዝገብ ውስጥ መኖር አለበት።

አሁን መዝገቡ በሌለበት የሚሆነውን ላንሳ። የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ንቧ የሄደችበት ተክል በመዝገቡ ውስጥ የለም እንበል። ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል? በግልጽ ካልታዘዘ በቀር «አላውቅም» አይልም። የሚቀርበውን ዘመድ ፈልጎ የእሱን ስም ይጽፋል። ዘመዱ ሌላ አህጉር ላይ የሚበቅል ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ስሙ በላቲን ተጽፏል፣ በመቶኛ ተደግፏል፣ ግራፍ አለው። የሚያነበው ሰው የዕፅዋት ባለሙያ ካልሆነ ያምነዋል። እንዲህ ያለ ሪፖርት እኔ ዘንድም ደርሷል። በዚያ አየር ንብረት ሊበቅል የማይችል ዛፍ በዋና የማር ምንጭነት ተጽፎበት ነበር። የላከው ላቦራቶሪ ማሽኑ ዘመናዊ ነው። ሠራተኞቹም ጎበዞች ናቸው። የጎደለው መዝገቡ ነበር።

ስም ያለው ንባብ ሁሉም የታመነ አይደለም። ጄንባንክን የመሳሰሉ ትልልቅ ሕዝባዊ የዲኤንኤ መረጃ ቋቶች የሳይንስ ውለታ የማይከፈልላቸው ሀብቶች ናቸው። ሆኖም ማንም ተመራማሪ ያስገባውን ይቀበላሉ። ተክሉ በተሳሳተ ስም የገባበት ጊዜ አለ። ተክል ነው ተብሎ የገባው ቅጠሉ ላይ የነበረ ሻጋታ ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ አለ። ከንባቡ ጀርባ የተቀመጠ ደረቅ ተክል ከሌለ ማን ሄዶ ያጣራዋል? ስህተቱ በዚያው ይኖራል፤ ከሱ ጋር የተመሳከረ ሁሉ ስህተቱን ይወርሳል።

አስቡት፣ ይህ ውጤት የማር ገዢ የሚያምነው የምንጭ ማረጋገጫ ይሆናል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። የትኛው መሬት ይጠበቅ ለሚል ውሳኔ መነሻ ይሆናል። አንድ ሁለት ጊዜ በአደባባይ ከተሳሳተ «ዲኤንኤም ያው ነው» ይባላል። ያን ጊዜ ጥሩ የሠሩትም አብረው ይወቀሳሉ።

የዕፅዋት ቤተ መዘክር ኃላፊዎች፣ እዚህ ላይ ዋናው ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው። በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ የዕፅዋት ቤተ መዘክሮች አሉ። በውስጣቸው ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጋ ደረቅ ናሙና ተቀምጧል። አብዛኛው ስሙ በባለሙያ የታየ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን የተጻፈበት ነው። ከጥፍር የማይበልጥ የቅጠል ቁራጭ ለባርኮድ ይበቃል። እርግጥ ያረጀ ናሙና ዲኤንኤው የተቆራረጠ ነው። የብናኝ ባርኮድ ግን አጭር ስለሆነ ከብዙ አሮጌ ናሙና ሊነበብ ይችላል።

ናሙና መቁረጥ እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። ጭንቀቱ ትክክል ነው። የማይተካ ናሙና አለ፤ ለዝርያው ስም መሠረት የሆነ ናሙና አለ። እነዚያ አይነኩ። ለቀሩት ግን ግልጽ ደንብ አውጡ። ማን፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው የቅጠሉ ክፍል መውሰድ እንደሚችል ይጻፍ። ቁራጭ የወሰደ ሰው ውጤቱን በናሙናው ቁጥር እንዲመልስላችሁ አስገድዱት። ለዓመታት «እናያለን» እየተባለ የሚንከባለል ጥያቄ ግን ማንንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አበባ ያለበት ናሙና ብናኝም አለበት። ቁራጭ ቅጠል ሲወሰድ ከአንዲት አበባ ላይ ትንሽ ብናኝም ተወስዶ ስላይድ ላይ ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሳ። ያኔ የአንዱ ተክል ባርኮድና የብናኙ መልክ ጎን ለጎን ይኖሩናል። ይህን ያህል ርካሽ የሆነ፣ ይህን ያህልም የሚዘነጋ ሥራ አላየሁም።

በጀት መዳቢዎች ሆይ፣ ማይክሮስኮፑን ዝጉት ማለቴ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባችኋል። «አሁን ዲኤንኤ ስላለ ብናኝ ቆጣሪ አያስፈልግም» የሚል ወሬ ስሰማ አዝናለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ብዛት ነው። ማሽኑ የአንድን ተክል ንባብ አምስት ሺህ ጊዜ፣ የሌላውን አምስት መቶ ጊዜ ቢያወጣ የመጀመሪያው ብናኝ አሥር እጥፍ ነበር ማለት አይደለም። አይቲኤስ2 በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ቅጂ ከተክል ተክል በእጅጉ ይለያያል፤ በመቶዎች ሊሆን ይችላል፣ በሺዎችም ሊሆን ይችላል። የግድግዳው ጥንካሬ ይለያያል። ፒሲአሩም አንዳንዱን ተክል አስበልጦ ያበዛል። ስለዚህ ዲኤንኤ «ማን አለ?» ለሚለው ጥያቄ ጎበዝ ነው። «ምን ያህል አለ?» ለሚለው ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ቆጠራ የሚችለው ዓይን ነው። ጥሩ ጥናት ሁለቱንም ያቀናጃል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በ1959 ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ሰው በዳኑብ ወንዝ አካባቢ ጠፋ። ተጠርጣሪ ተያዘ፤ አስከሬን ግን አልተገኘም። የተጠርጣሪው ጫማ ላይ የነበረው ጭቃ ለቪየና ዩኒቨርሲቲ የብናኝ ባለሙያ ለቪልሄልም ክላውስ ተሰጠ። ክላውስ በጭቃው ውስጥ የዘመኑን የስፕሩስ፣ የአኻያና የአልደር ብናኝ አገኘ። ከእነሱ ጋር ግን 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሂከሪ ዛፍ ብናኝ ነበር። ያንን ጥንታዊ ብናኝ የያዘ ድንጋይ ከላይ የሚታይበት፣ እነዚያ ዛፎችም አብረው የሚበቅሉበት ቦታ ከቪየና በስተሰሜን አንድ ትንሽ ስፍራ ብቻ ነበር። ተጠርጣሪው ቦታው ሲነገረው ደነገጠ፤ ተናዘዘ፤ መርቶም አሳየ። ይህን ዲኤንኤ አይሠራውም። እስካሁን የተነበበው እጅግ ጥንታዊ ዲኤንኤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የ20 ሚሊዮን ዓመት ብናኝ ግድግዳው እንጂ ዲኤንኤው የለም።

በሌላ በኩል ዲኤንኤ ዓይን የማይደርስበት ይደርሳል። በ2005 የወጣ ጥናት ከስዊድን የሐይቅ ደለል የወጣ፣ 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የስኮትስ ፓይን ብናኝን ዲኤንኤ አንድ በአንድ ከቅንጣቱ አንብቧል። ማይክሮስኮፕ «ፓይን ነው» ይላል። ዲኤንኤው ደግሞ የጥንቱ ዛፍ ዛሬ እዚያ ካሉት ዛፎች ጋር ያለውን ዝምድና ያሳያል። በየሙዚየሙ በመርፌ ተወግተው የተቀመጡ ንቦች ገላ ላይ ያለ አሮጌ ብናኝም መነበብ ጀምሯል። ንቧ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ የጎበኘችው አበባ ግን ይታወቃል። ይህን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ላቦራቶሪዎች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ብናኝ በየአየሩ አለ፤ ላቦራቶሪያችሁ ውስጥም አለ። ስለዚህ ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሂድ፤ በውስጡ የተገኘውም በሪፖርቱ ይጻፍ። በማር ውስጥ የተገኘ ተክል ሁሉ የማሩ ምንጭ አይደለም። በነፋስ የሚበተን ብናኝ ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ የአበባ ማር የሌለው ተክልም በዚህ መንገድ ሊታይ ይችላል። ይህንን ለደንበኛው ንገሩት። ከሁሉም በላይ በሪፖርቱ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩልን። ናሙናው በመጣበት አካባቢ ከሚበቅሉት ተክሎች ስንቱ በመዝገባችሁ ውስጥ እንዳለ፣ ስንቱ እንደሌለ ይጻፍበት። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ዝርያውን ትታችሁ ወገኑን ወይም ቤተሰቡን ጻፉ። አኻያና ኦክን የመሳሰሉት ከዘመዶቻቸው ጋር ስለሚዳቀሉ በእነዚህ ባርኮዶች በዝርያ ደረጃ ለመለየት ያስቸግራሉ። «የአኻያ ወገን» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። መዝገቡ በጣም የጎደለው የተክል ዓይነት እጅግ በሚበዛባቸው ሞቃታማ አገሮች ነው። በደንብ የተመዘገበው ደግሞ የተክል ዓይነት በሚያንስባቸው የሰሜን አገሮች ነው። ይህን ለመሙላት ሲባል ቅጠል በሻንጣ ጭኖ መሄድ ግን አይሆንም። በ2010 የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ከጥቅሙም መካፈል እንዳለባቸው ይደነግጋል። ለእኔ ይህ የወረቀት ጣጣ አይደለም። ተክሉን ከሥሩ የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ባለሙያ ነው። ስሙን የሚያጣራው እሱ ነው። በየትኛው ወር እንደሚያብብ፣ የትኛው ንብ እንደምትሄድበት የሚያውቅም እሱ ነው። ስለዚህ ናሙናው እዚያው ይቀመጥ፣ ሥልጠናው እዚያው ይሰጥ፣ በሚቻልበት ሁሉ ንባቡም እዚያው ይሠራ። ዛሬ በእጅ የሚያዙ የዲኤንኤ ማንበቢያዎች ስላሉ ይህ ሕልም አይደለም። በጽሑፉም ላይ የባለሙያው ስም ከምስጋና ዝርዝር ወጥቶ ከደራሲዎቹ ጋር ይሰለፍ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የበጀት ዙር ለብናኝ ዲኤንኤ ገንዘብ ስትመድቡ በማመልከቻው ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄ እንድታስገቡ እለምናችኋለሁ። የጥናቱ አካባቢ ተክሎች ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ ስሙ የተጣራ ናሙና ያለው ባርኮድ ያላቸው ስንት ናቸው? የጎደሉትን ማን ይለቅማል፣ ደመወዙስ ከየት ይከፈላል? ሦስተኛው ያልተመለሰበትን ማመልከቻ መልሱት። መልስ ያለው ማመልከቻ ሲመጣ ደግሞ ለለቃሚውና ለስም አጣሪው የተጠየቀውን በጀት አትቁረጡ። እስካሁን ባየሁት ልማድ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የአበባ ብናኝ ተመራማሪ